ፍል ውሃ የሸኘው ስብ የት ይደርሳል?

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግቢ ተከራይቼ ምግብ ቤት ከከፈትኩ ዓመት አልፎኛል። ምሳ ላይ ጥሩ ገበያ አለን፤ ደንበኞቻችን በብዛት ሾፌሮችና የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። የወጥ ቤቱ ቱቦ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ይደፈናል። ቧንቧ ሠራተኛው ፍል ውሃና ኮስቲክ ሶዳ እያፈሰሰ ይከፍተዋል፤ ተመልሶ ይደፈናል። የመጸዳጃ ቤቱም የወጥ ቤቱም ፍሳሽ የሚገባው አከራዬ ባስቆፈሩት አንድ ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ላይ በየወሩ ማስመጠጥ ጀምረናል። ከሲንክ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ግሪስ ትራፕ (ስብ ማስቀሪያ ሳጥን) ገዝቼ አስገጥሜ ነበር፣ ምንም አልለወጠም። አሁን ጎረቤት ስለ ሽታው አመልክቶ ደንብ አስከባሪ አስጠንቅቆናል። ምን ላድርግ? ትልቅ ይሠራ ቢባል ምን ያህል ይሁን? የሚወጣውን ስብስ የት ልጣለው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን በከፈተ ቁጥር ስቡን በባልዲ አውጥቶ አሳይቶዎት ያውቃል? እንደማያውቅ እገምታለሁ። የሚከፍሉበት አገልግሎት ስቡን ከወጥ ቤትዎ አርቆ መሸኘት ነው። ፍል ውሃው ያቀልጠዋል፣ አምስት ስድስት ሜትር ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። ሳይለጠፍ ያመለጠው ጉድጓዱ ይገባና ግድግዳውን ይለስነዋል። እርስዎ ለየብቻ የጻፏቸው የቱቦው መደፈንና የጉድጓዱ ቶሎ ቶሎ መሙላት የአንድ ስብ ሁለት ማረፊያዎች ናቸው። ስለዚህ ሥራችን ስቡን እርስዎ በመረጡት ቦታ፣ እጅ በሚደርስበት፣ ቀዝቅዞ እንዲቆም ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህች የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ ስቡን እንወቀው። ገበያችን ላይ የበዛው የፓልም ዘይት፣ ሰው «የሚረጋው ዘይት» የሚለው ነው። ስሙ ጠባዩን ይናገራል፤ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ እንደሚያገኙት፣ ቱቦው ውስጥም እንዲያው ይረጋል። ቅቤ ለመቅለጥ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ የበሬ ሞራ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቱቦዎ የተቀበረበት አፈር ግን ከ20 ዲግሪ ብዙም ፈቅ አይልም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ አየሩ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። «የፈላ ውሃ» የምንለውም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አንድ ድስት ፍል ውሃ አሥር ሜትር ቱቦና በዙሪያው ያለውን አፈር አሙቆ አይዘልቅም። የኑግና የሱፍ ዘይት ሳይረጉ ይሄዳሉ፤ እነሱ ጉድጓዱ ድረስ ወርደው ከላይ ይንሳፈፋሉ።

በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የማይነግርዎት ደግሞ ጾምና ፍስክ ነው። በፍስክ ቅቤው፣ የጥብሱ ሞራ፣ የዶሮ ወጡ ቅባት ይበዛና ከላይ ወፍራም ነጭ ሽፋን ይሠራል። በጾም ዘይቱ ቀላል ባይሆንም ይበልጥ የሚያስቸግረው ከታች የሚዘቅጠው ነው፦ የሽሮ ዱቄት፣ የምስር ክክ፣ የሊጥ እጣቢ። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ የከፈትኳቸው የስብ ማስቀሪያ ሳጥኖች ከታች ወደ ላይ ነው የሚሞሉት፤ ከፋሲካ በኋላ የከፈትኳቸው ከላይ ወደ ታች። ሳጥንዎን ስንት ጊዜ እንደሚያጸዱ ሲወስኑ ቀን መቁጠሪያው ግድግዳዎ ላይ ያለው የአጽዋማት ሰሌዳ ነው።

ስለ ኮስቲክ ሶዳ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም አጥፊው እሱ ነው። ኮስቲክ ስብን ወደ ሳሙና ይለውጣል፤ የልብስ ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሳሙና ሠሪ ግን ይመዝናል፣ ያማስላል፣ ይጠብቃል። ቱቦ ውስጥ የሚመዝን የለም። ከፊሉ ስብ ሳሙና ሆኖ ይሟሟና ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ ከሲሚንቶውና ከውሃው ካልሲየም ሲያገኝ እንደገና ይጠጥራል። እንዲህ የጠጠረውን ፍል ውሃ አይበግረውም፣ በዘንግ መፈልፈል ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ለንደን ከተማ፣ ዋይትቻፕል ከሚባለው ሰፈር ሥር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ያለው የስብ ቋጥኝ ተገኝቶ ነበር። ጥሬ ዕቃው ያው የወጥ ቤት ስብ ነው፣ ሶፍትና ጨርቅ ተጨምሮበት። ሌላም አለ፤ ኮስቲክ ዓይን ያጠፋል፣ የአሉሚኒየም ድስት ይበላል። ኮስቲኩ አልሠራ ሲል አሲድ የሚያመጣ ቧንቧ ሠራተኛም አለ። አሲድ ኮስቲክ ባለበት ቱቦ ውስጥ ሲገባ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል፤ በረኪና ካገኘ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ወጥ ቤትዎ ውስጥ ሦስቱም እንዳይገናኙ።

«ስብ የሚበላ ባክቴሪያ» እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትም ሳይጠይቁኝ ልመልስ። ባክቴሪያ ስብ ይበላል፣ ግን በቀናትና በሳምንታት ነው። የእርስዎ ውሃ ሳጥኑ ውስጥ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ገንዘብዎን ለጭልፋና ለሰጋቱራ ያውሉት።

የገዙት ትንሽ ትራፕ ለምን እንዳልሠራ በቁጥር እንየው። እነዚህ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ 40 በ30 በ30 ሴንቲሜትር ገደማ ናቸው፤ ከላይ ያለውን ባዶ ስንቀንስ 28 ሊትር ውሃ ይይዛሉ እንበል። ምሳ ላይ ሁለቱ ገንዳዎች ሲለቀቁ በደቂቃ 20 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ ውሃው ትራፑ ውስጥ የሚቆየው ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። በዚያ ጊዜ ስቡ አይቀዘቅዝም፣ አይንሳፈፍም። በዚያ ላይ ላርጎው አለ። ላርጎ የስቡን ጠብታ ይበታትነዋል፤ የጠብታዋ ስፋት በግማሽ ሲያንስ ወደ ላይ የምትወጣበት ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ላርጎ የበዛበት ውሃ ቦታና ጊዜ ይፈልጋል። ትንሹን ትራፕ አይጣሉት። ወንፊት አድርገውለት፣ ሩዝና የሽንኩርት ልጣጭ የሚያስቀር የፊት ዘብ ይሁን፣ ማታ ማታ ይታጠብ። ከዚያ በላይ አይጠብቁበት።

አሁን ወደ ሥራው። ከግንባታ በፊት ነገ ጠዋት ሊጀምሩት የሚችሉት አለ፤ ሳህንና ድስት ውሃ ሳይነካው ይጠረግ። እኛ አገር ለዚህ የሚሆን ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ትሪ ላይ የተረፈ እንጀራ ከየትኛውም ስፖንጅ የተሻለ ዘይት ይመጥጣል። እቃ አጣቢዋ በትርፍራፊው እንጀራ መጥበሻውንና ትሪውን ጠርጋ ወደ ደረቅ ቆሻሻ ትጣል፣ ከዚያ ወደ ገንዳው። የቀዘቀዘ ድስት ጫፍ ላይ የረጋውን ደግሞ በማንኪያ ይፋቀው። ለእቃ አጣቢዋ ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ስትጣደፍ የምትተወውም ይኸንኑ ነው። ስለዚህ ትርፍራፊ ማጠራቀሚያው ባልዲ ከሲንኩ በፊት፣ እጇ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ሦስት እርምጃ ከራቀ አይሠራም። የመጥበሻ ዘይት በምንም ዓይነት ወደ ገንዳ አይፈስስም፤ ቀዝቅዞ በጀሪካን ይጠራቀም። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ይወስዱታል። ለማን እንደሚሰጡት ግን ይወቁ፤ ጠቁሮ ያለቀ ዘይት ተመልሶ መንገድ ዳር ቦንቦሊኖ መጥበሻ እንዳይሆን።

ሳጥኑ። ሁለተኛው ጥያቄዎ መጠኑ ነበር። በቀን ስንት ውሃ እንደሚያወጡ አልነገሩኝም፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሮቶ ሞልቶ የሚጠቀም ሰው ግን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። 2,000 ሊትር ሮቶ በቀን ሦስት ሩቡ ያልቃል ብዬ ልነሳ፦ 1,500 ሊትር። ለሳጥን ወሳኙ ግን የቀኑ ድምር ሳይሆን የጥድፊያው ሰዓት ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ገንዳዎቹ ሲለቀቁ በደቂቃ 20 ሊትር ይመጣል ብለናል። ውሃው 30 ደቂቃ ቢቆይ ይበጃል የሚለውን የተለመደ ልኬት ስንይዝ 20 በ30፣ 600 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ላይ ስቡና ዝቃጩ የሚያርፉበት ሩብ ቦታ ያስፈልጋል፤ ወደ 800 ሊትር ደረስን። ገበያዎ እንዲያድግ ስለምመኝ 900 እናድርገው። ውስጡ 1.50 ሜትር ርዝመት፣ 70 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 90 ሴንቲሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው ሳጥን 945 ሊትር ይይዛል። ከውሃው በላይ 25 ሴንቲሜትር ባዶ ይተውለት። ከዚህ አተልቀው 3,000 ሊትር እንዲሠሩ የሚመክርዎት ሰው ካለ አይስሙት። ብዙ የቆየ ምግብ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፤ ጎረቤትዎም መልሶ ይመጣል።

ሳጥኑ ሁለት ክፍል ይሁን። የመጀመሪያው 1 ሜትር፣ ሁለተኛው 50 ሴንቲሜትር። መካከሉን የሚከፍለው ግድግዳ ከላይ ከውሃው በላይ ይውጣ፤ ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከወለሉ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይሁን፣ ከሥር ያለው ዝቃጭም ከላይ ያለው ስብም እንዳያልፍ። መግቢያው ላይ ባለ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ «ቲ» (ሦስት አፍ ያለው የቱቦ መጋጠሚያ) ይግባ፣ የታችኛው እግሩ 25 ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ይጥለቅ። ይህ የሚመጣው ውሃ ከላይ ያለውን ስብ እንዳያናጋ ነው። መውጫው ላይም «ቲ» ይግባ፣ የእሱ እግር ግን ከወለሉ እስከ 30 ሴንቲሜትር ድረስ ይውረድ። ብዙ ግንበኞች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ መውጫውን ከላይ በቀጥታ ቱቦ ያወጡታል። እንዲያ ከተሠራ መጀመሪያ የሚወጣው የተንሳፈፈው ስብ ነው፤ ሳጥኑ ምንም ቢያምር ሰፋ ያለ ቱቦ ብቻ ይሆናል። መግቢያው ከመውጫው 7 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። የ«ቲ»ዎቹ አናት ክፍት ይሁን፤ አየር ይተነፍሳሉ፣ ቢደፈኑም በዘንግ ይጎረጎራሉ።

የት ይቀመጥ? ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ውጪ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ርቀት። ቢቀርብ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል፣ ቢርቅ ስቡ ሳጥኑ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። ቱቦው በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ይዝቀጥ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ የመጸዳጃው መስመር ወደዚህ ሳጥን እንዳይገባ። ዛሬ የወጥ ቤቱና የመጸዳጃው ቱቦ ግቢው ውስጥ ተገናኝተው ከሆነ ይለያዩ፤ የወጥ ቤቱ መስመር ሳጥኑን ካለፈ በኋላ ከመጸዳጃው ጋር ቢገናኝ ችግር የለም። የተቀላቀለ ሳጥን ማንም በጭልፋ አያጸዳም፣ ትክክልም ነው።

አፈሩን በተመለከተ ጥቂት መቆየት አለብኝ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው፤ ከኮረብታው ወረድ ብለው ሲቆፍሩ ግን በብዛት የሚያገኙት ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በመካከሉ የተቀበረውን ሁሉ ዓመት እስከ ዓመት ይገፋል ይጎትታል። ብሎኬት ደርድረው፣ በሲሚንቶ ለስነው የሚሠሩት ሳጥን በሁለት ክረምት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጉድጓዱ ከሳጥኑ በየጎኑ 30 ሴንቲሜትር ሰፍቶ ይቆፈር፣ ከሥሩም ዋልካው ወጥቶ ገረጋንቲ ይሞላ፣ ይጠቅጠቅ። ወለሉና ግድግዳው ፌሮ ያለው ኮንክሪት ይሁን፣ ውስጡ ሊሾ ይደረግ። ቱቦው ወደ ሳጥኑ የሚገባበት ቦታ በሲሚንቶ ብቻ አይታሰር፤ ጥቂት የሚላወስበት የጎማ ቀለበት ይኑረው። ሮቶ ቢቀበርስ የሚሉ አሉ። ይሠራል፣ ግን ነሐሴ ላይ ለማጽዳት ባዶ ባደረጉት ቀን ከመሬት ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ቱቦዎቹንም ይነቅላቸዋል። ሮቶ ከሆነ ከመሬት በላይ ይቀመጥ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳጥኑ ጉድጓድዎን ከስብ ያድነዋል፣ ከውሃ ግን አያድነውም። በቀን 1,500 ሊትር ማለት በወር 45 ሜትር ኩብ ነው፣ ያውም የመጸዳጃው ሳይቆጠር። መጣጭ መኪናው በአንድ ጉዞ 10 ሜትር ኩብ ቢወስድ፣ በወር አንዴ የሚያስመጥጡት ከገባው ሩቡን እንኳ አይሆንም። ሌላው አሁንም ወደ አፈሩ እየሰረገ ነው ማለት ነው። ስቡ እየዘጋ ያለው ይህንን ቀሪ በር ነው። ከተዘጋ በየሳምንቱ መጣጭ መኪና ሊጠሩ ነው። እንደ እኔ ቢሆን የሳጥኑን ወጪ ከአከራይዎ ጋር የምነጋገረው በዚህ ስሌት ነው፤ እየዳነ ያለው የእሳቸው ጉድጓድ ነው። ከኪራይ የሚታሰብ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን።

ክዳኑን የምጽፍልዎት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትልቅ ወጥ ቤት የሠራሁት ሳጥን በልኬት እንከን አልነበረውም። ክዳኑን ከወፍራም ኮንክሪት አስደረግኩት፤ መኪና ቢያልፍበት ብዬ። ከዓመት በላይ ቆይቼ ስመለስ ቱቦዎቹ ተደፍነው አገኘሁ። «ታጸዳላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ አንዷ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ሦስት ወንድ ካልመጣ እኮ አይነሳም» አለችኝ። አልተከፈተም ነበር። ከዚያ ወዲህ ክዳን የማሠራው ከላሜራ ነው፣ ለሁለት የተከፈለ፣ እጀታ ያለው፣ ጠርዙ ላይ ሽታ የሚይዝ ጎማ የተደረገበት። አንዲት ሴት ብቻዋን ካላነሳችው ክዳኑ ይመለስ እላለሁ። ሕፃናት ግቢው ውስጥ ካሉ ቁልፍ ይኑረው።

ማጽዳት። ጊዜው ጠዋት 12 ሰዓት፣ ምድጃው ሳይለኮስ ነው፤ ሌሊቱ ስቡን እንደ አይብ አርግቶልዎታል። በሳምንት አንድ ቀን ከላይ ያለውን ብቻ በተበሳ ጭልፋ ይገፈፍ። በወር አንዴ ሙሉ በሙሉ ይጽዳ፤ ውሃው በባልዲ ወጥቶ በርሜል ውስጥ ይቆይ፣ ግድግዳው ይፋቅ፣ የዘቀጠው ይውጣ። መሙላቱን ለመለካት ጫፉ እንደ «ረ» እግር የታጠፈ ዘንግ ይበቃዎታል፤ ስቡን ሰንጥቀው ያስገቡት፣ ያዙሩት፣ ወደ ላይ ሲስቡት ከስቡ ሥር ይይዛል፤ ውፍረቱን ያነባሉ። ለዝቃጩ ዘንጉ ላይ ነጭ ጨርቅ ይጠምጥሙ፣ እስከ ምን ድረስ እንደጠቆረ ይታያል። ሁለቱ ተደምረው የጥልቀቱን ሩብ፣ ማለትም 22 ሴንቲሜትር ከነኩ ሳጥኑ መያዝ አቁሟል። ብዙ ጊዜ ግን ሽታው ከሙላቱ ይቀድማል፤ በተለይ የሽሮው ዝቃጭ። አፍንጫዎ ከዘንጉ በፊት ከነገረዎት አፍንጫዎን ይመኑ።

ካጸዱ በኋላ ሳጥኑን በውሃ ሳይሞሉ ሥራ አይጀምሩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙም አላየሁም። ባዶ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ስብ ከውሃው ጋር ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ ይመጣል፤ የመውጫው «ቲ» እግር ጋ ሲደርስ ውስጡ ይገባና ተከትሎ ይወጣል። አስቀድሞ የሞላ ሳጥን ግን ስቡን ከመጀመሪያዋ ሳህን ጀምሮ ከላይ ያስቀረዋል። በርሜል ውስጥ ያቆዩት ውሃ ከላይ ያለው ስብ ተገፎ ለዚሁ ያገለግላል።

የሚያጸዳው ሰው ጭንቅላቱን ሳጥኑ ውስጥ አያስገባ። ክዳኑ ተከፍቶ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ ሲጋራ አይለኮስ። ከበሰበሰ ስብ የሚወጣው እንደ ግም እንቁላል የሚሸት ጋዝ መጠኑ ሲበዛ ማሽተትን ራሱ ያደነዝዛል፤ «ሽታው ጠፋ» ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። የአከራይዎ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ በማንኛውም ምክንያት፣ ባልዲም ቢወድቅ፣ ሰው አይውረድ። አንዱ ወድቆ ሌላው ሊያወጣ ሲገባ ነው ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚሞተው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ የት ይጣል? ስቡን በሰጋቱራ ወይም በደረቅ አመድ ይለውሱት፣ ፈሳሽ የማያንጠባጥብ እስኪሆን። በድርብ ማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ለሰፈሩ ደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ይሰጥ፤ አስቀድመው ያነጋግሯቸውና ምን እንደሆነ ይንገሯቸው፣ ተሸካሚዋ ላይ እንዳይፈስ። ሰብሳቢዎቹ አንቀበልም ካሉ የወረዳው ጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ጓሮ ልቅበረው የሚል ሐሳብ ከመጣልዎ የከተማ ዳር ኗሪ መሆንዎን ያስታውሱ። መጀመሪያ ውሻ ያወጣዋል፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ። ለኮምፖስትም አይሆንም፤ ስብ አየር ይዘጋበታል፣ አይጥም ይጠራል። መጣጭ መኪና ሲመጣ ሳጥኑን ጭምር ቢመጥጥ ይቻላል፤ ግን ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ የሚወስድ መሆኑን ይጠይቁ። ወንዝ ዳር የሚደፋ መኪና ዋጋው ርካሽ ነው።

ደንብ አስከባሪውን አይሽሹት። ሳጥኑ ሲቆፈር ይጥሩት፣ ይይ። አደራዬ አንድ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ቱቦውን በሌሊት ከጎርፍ መውረጃው ቦይ ጋር የሚያገናኙ ጎረቤቶች ካሉ አይከተሏቸው። በአገር ደረጃ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም. ስለ ወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል የራሷን ደንብ አውጥታለች፣ ቅጣቱም እየተፈጸመ ነው። ከቅጣቱ ባሻገር ደግሞ ከእርስዎ ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚሄደው። በአቃቂ ውሃ ሰላጣና ጎመን ይለማል። ያ ሰላጣ ተመልሶ በዘንቢል ወደ እርስዎ ወጥ ቤት ነው የሚመጣው። የከተማው የፍሳሽ መስመር ሰፈራችሁ ሲደርስ ሳጥኑን ላፍርሰው ብለው እንዳያስቡም፤ ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ ቢሆንም፣ ስብዎ እዚያ የሚደርሰው መንገድ ላይ ያሉትን ማንሆሎች ካልደፈነ ነው።

መቆፈር ከመጀመርዎ በፊት ከፍታውን ይለኩ። ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ወጥ ቤቱ መውጫ ላይ፣ ሌላውን ጉድጓዱ መግቢያ ላይ ይያዙ፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሚቆም ልዩነቱ ይነበባል። ከወጥ ቤቱ እስከ ሳጥኑ 4 ሜትር፣ ከሳጥኑ እስከ ጉድጓዱ 8 ሜትር ከሆነ ለቱቦዎቹ 24፣ ለሳጥኑ 7፣ በድምሩ 31 ሴንቲሜትር ቁልቁለት ያስፈልግዎታል። ከዚያ ካነሰ አይቆፍሩ፤ ሲንኮቹን በአንድ ረድፍ ብሎኬት ከፍ አድርገን ሳጥኑን ከመሬት በላይ እናስቀምጠዋለን። የለኩትንና ሮቶው በስንት ቀን እንደሚያልቅ ጽፈው ይላኩልኝ፣ ልኬቱን ለእርስዎ ቤት አስተካክዬ እመልስልዎታለሁ።